ቀለም የገባበት ምድጃ

አንድ ብረት ሠሪ ከሚስቱ ጋር በአንዲት ሜዳማ ከተማ ይኖር ነበር። ከተማዋ ዳገት የላትም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ብስክሌት ይነዳል፤ ቄሱም፣ አስተማሪዋም፣ ወተት አመላላሹም። ብረት ሠሪው ሸዋረጋ ይባላል። የተሰበረ ብስክሌት ይበይዳል፣ አዲስም ይሠራል፣ አንዳንዴም የመስኮት ፍርግርግና ወንበር ያወጣል። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። የሚኖሩትም ከትርንጎ እናት ከእማማ ላቀች በወረሱት ቤት ነው።

በዚያ ቤት ማድቤት ውስጥ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። እማማ ላቀች ወጣት ሳሉ የሚያበስሉበት ሆቴል ሲዘጋ፣ ባለቤቱ ሠራተኞቹን «ከዕቃው አንዳንድ ነገር ምረጡና ውሰዱ» አላቸው። ሌሎቹ አልጋና ወንበር መረጡ። እማማ ላቀች ምድጃውን መረጡ። «አልጋ አንድ ሰው ያስተኛል፤ ምድጃ ሰፈር ያበላል» አሉ ይባላል። ምድጃው ወፍራም የብረት በር አለው። ሲከፈት እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። ሲበራ የቤቱ አምፖል ይደበዝዛል። ሙቀቱ ግን በአራቱም ማዕዘን እኩል ነው። በዚያ ምድጃ የተጋገረ ዳቦ አንድ ወገኑ አሮ ሌላው ወገኑ ጥሬ ሆኖ አያውቅም።

ያን ጊዜ በዓል ሲመጣ እንዲህ ነበር። በዋዜማው የሰፈሩ ሴቶች ሊጣቸውን በትሪ አድርገው፣ በኮባ ቅጠል ሸፍነው ይመጣሉ። የአንዱ ቤት ዳቦ ከሌላው እንዳይለዋወጥ እያንዳንዷ የራሷ ምልክት ነበራት። አንዷ ጠርዙን ትቆነጥጣለች፤ አንዷ በማንኪያ ጫፍ ትወጋለች፤ አንዷ የሳጥን ቁልፏን ታትምበታለች። ተራቸው እስኪደርስ በግቢው ይቀመጣሉ። የተኳረፉ ሰዎች እንኳ እዚያ መነጋገራቸው አይቀርም ነበር። ኩፍ ያለ ሊጥ ይዞ ወዴት ይኬዳል? ዳቦው ሲወጣ እያንዳንዷ አንድ ቁራሽ ቆርሳ ለምድጃው ቤት ትተዋለች። ስለዚህ የእማማ ላቀች ቤት በበዓል የራሱን ዳቦ ጋግሮ አያውቅም። በገበታቸው ላይ የሚቀርበው የሰፈሩ ሁሉ ዳቦ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ የበዛበት፣ ጨው ያነሰው፣ ማር የነካው። ትርንጎ ልጅ ሳለች ዓይኗን ጨፍና ቁራሹን ትቀምስና የማን ቤት ዳቦ እንደሆነ ትናገር ነበር። ተሳስታም አታውቅም።

ሌላም ነገር ነበር። የማድቤቱ ግድግዳ ከመንገዱ ጋር የተያያዘ ነው። ምድጃው ሲበራ ግድግዳው ይሞቃል። በክረምት በዚያ የሚያልፍ ሰው ጃንጥላውን አጥፎ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጥቂት ይቆማል። «ላቀች ዛሬ ደግሞ ምን ትጋግር ይሆን?» ይላል። ግድግዳው ሞቀ ማለት ምድጃው ለሰፈሩ ተከፈተ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው አልነበረም።

እማማ ላቀች ሲያርፉ ትርንጎ በእናቷ ቦታ ተተካች። ግን አስፋልቱ ዳር ዳቦ ቤት ተከፈተ። እዚያ ዳቦ ተጋግሮ ይጠብቃል። ማቡካት የለም፣ መጠበቅ የለም፣ ከማንም ጋር መነጋገርም የለም። በየበዓሉ ወደ ትርንጎ ግቢ የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄደ። ባለፈው ፋሲካ የመጡት ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ።

የሸዋረጋ ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነበር። ብየዳው አይታማም። የሚያሳፍረው ቀለሙ ነው። በቡሩሽ የቀባው ብስክሌት አንድ ክረምት ሲያልፍበት ይላጣል፤ ከዚያ ዝገት ይገባበታል። ሰዎች ብስክሌታቸውን እየገፉ ይመለሱና «ሸዋረጋ፣ ይሄ ነገር እንደ እባብ ቆዳውን ጣለ እኮ» ይሉታል። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ሁለተኛ ግን አይገዙትም። በመጨረሻ የከተማዋ ብስክሌት ሻጭ አስጠራው።

«ለዘመን መለወጫ ብስክሌት ፈላጊው ብዙ ነው» አለው። «ቀለሙ የማይላጥ ከሆነ ካንተ እወስዳለሁ። የሚላጥ ከሆነ ከሌላ ከተማ አስመጣለሁ። አንዴ ካስመጣሁ ደግሞ ተመልሼ በርህን አላንኳኳም።»

በዚያው ሰሞን ሸዋረጋ ስለ ዱቄት ቀለም ሰማ። ይህ ቀለም ውኃም ዘይትም የለበትም። እንደ ዱቄት የላመ ደረቅ ነገር ነው። በመርጫ ይነፋል፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ ብረቱ ምድጃ ይገባል። በሙቀቱ ቀልጦ ብረቱን እንደ ቆዳ ይለብሰዋል። እንዲህ ያለ ቀለም ክረምት ቢመላለስበት አይላጥም። ሸዋረጋ መርጫውን ከነቀለሙ ገዛ። የቀረው ምድጃ ብቻ ነበር። ምድጃ ለመምረጥም ወደ አንድ ዕቃ ነጋዴ ሄደ።

ነጋዴው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሽማግሌ ነበር።

«ምን ልታስገባበት ነው ልጄ?» አለው።

«ብስክሌት።»

«ቁመቱንና ወርዱን ንገረኝ። ምድጃ በስም አይገዛም።»

ሸዋረጋ በእጁ ዘርግቶ አሳየው። ነጋዴው ከፊቱ ወዳለው ትንሽ ምድጃ እያመለከተ ሳቀ። «ይሄ ለበር እጀታና ለማጠፊያ ነው። ብስክሌትህ እዚህ ውስጥ እግሩ ከአልጋ እንደሚያልፍ ረጅም ሰው ይሆንብሃል። በሩ አይዘጋልህም።»

«ያኛውስ?» አለ ሸዋረጋ፣ ቁም ሳጥን ወደሚያህለው እያየ።

«እሱ ሸጋ ነው። ሙቀቱን የሚያዳርስ ማራገቢያም አለው። ግን እንደ ወፍጮ ቤት ያለ ኃይል ይፈልጋል። ቤትህ ወፍጮ አለ?»

«የለም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ባበራኸው ቁጥር ሰፈርህን ታጨልማለህ። ጎረቤትህ በጨለማ ተቀምጦ እየረገመህ ምን ይሠራልሃል?»

«ከቆርቆሮ ራሴ ብሠራውስ?»

«ባለሙያ ነህ፣ አያቅትህም። ግን ግድግዳው ድርብ መሆን አለበት፤ መሃሉም ሙቀት በሚይዝ ነገር መጠቅጠቅ አለበት። ያለዚያ ላዩ እሳት፣ ታቹ ውርጭ ይሆንና ቀለምህ ዥንጉርጉር ይወጣል። እየሞከርክ የምታፈርስበት ጊዜ አለህ?»

ጊዜ አልነበረውም። ሸዋረጋ አመስግኖ ሊወጣ ሲል ነጋዴው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

«ቤትህ የዳቦ ምድጃ አለ መሰለኝ» አለ። «ፊትህ ላይ አየሁት። የሁሉም ሰው ልብ መጨረሻ ላይ ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ስማኝ። አንዴ ቀለም የበሰለበት ምድጃ ከዚያ ወዲያ ለእህል አይሆንም። ሽታው ቢጠፋ እንኳ መርዙ ውስጡ ይቀራል። ታጥቦ የሚወጣ ነገር አይደለም።»

«ገባኝ» አለ ሸዋረጋ። በእርግጥም ገብቶት ነበር።

ቤቱ እንደ ደረሰ ገመድ ይዞ ማድቤት ገባ። የምድጃውን ወርድ ለካ፤ ጥልቀቱን ለካ። መደርደሪያዎቹ ቢወጡ ጎማና መቀመጫ ያልተገጠመለት የብስክሌቱ አካል ሰያፍ ሆኖ በልኩ ይገባል። የቤቱ ቆጣሪ ምድጃውን ለብዙ ዓመት ለምዶታል። ሙቀቱ ደግሞ እኩል ነው። በነጋዴው ሱቅ ካሉት ምድጃዎች ሁሉ ይህ ይሻላል። ትርንጎ ሽንኩርት እየላጠች ታየው ነበር።

«ለማን ልብስ ልትሰፋ ነው የምትለካው?» አለችው።

«ለብስክሌት።»

ነገሩን አንድ በአንድ ነገራት፤ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ መርጫው፣ ስለ ብስክሌት ሻጩ። የነጋዴውን የመጨረሻ ቃል ብቻ ዘለለው።

«ዱቄት ነው፣ ምድጃ ይገባል፣ ይበስላል» አለ። «ከዳቦ በምን ይለያል?»

«ማን ይበላዋል?»

«እኛ ነን የምንበላው። ለቤታችን እኮ ነው። ይሄ ምድጃ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።»

«ሥራ ፈትቶ አያውቅም» አለች ትርንጎ። «ቀኑን ይጠብቃል እንጂ።»

«ትርንጎዬ፣ ባለፈው በዓል የመጣው ሦስት ሰው ነው።»

«ሦስት ሰው ሰው አይደለም?»

 ትርንጎ ሽንኩርቷን ላጠች። ባሏ ስንት ጊዜ የተላጠ ብስክሌት ተመልሶበት አንገቱን ደፍቶ እንደ ገባ ታውቃለች። የሰዎቹን ቀልድም ሰምታለች። ቢላዋዋን አስቀመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ሥራህን ከጨረስክ በኋላ ወደ ዳቦው ይመለሳል?»

ሸዋረጋ የሚስቱን ፊት አየ። እውነቱን ቢነግራት እንቢ ትላለች ብሎ ፈራ።

«አጥበን እንመልሰዋለን» አላት።

«እንግዲያው ውሰደው።»

ሥራው ተጀመረ። ሸዋረጋ መደርደሪያዎቹን አውጥቶ ከላይ የብረት መስቀያ ገጠመ። የመጀመሪያው ብስክሌት ግን ተበላሸ። ከምድጃው ሲወጣ ያምራል፤ በጥፍር ሲነኩት ቀለሙ ይፈረፈራል። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሸዋረጋ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ።

ትርንጎ መጥታ የተፈረፈረውን ቀለም በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «ከመቼ ጀምረህ ነው ሰዓት የምትይዘው?» አለችው።

«ምድጃው ከጋለ ጀምሮ ነዋ።»

«እሱ ነው ጥፋትህ። እናቴ ምድጃው ስለ ጋለ ዳቦው በስሏል ብላ አታውቅም። ጉዳዩ የዳቦው ውስጥ ነው። የብስክሌቱ ብረት ራሱ እስኪግል ጠብቅ፤ ሰዓቱን ከዚያ ቁጠር። በሩን ደግሞ አስር ጊዜ እየከፈትክ አትይ። ያይኑን አምሮት ያልገታ ጥሬ ይበላል ትል ነበር።»

እንዳለችው አደረገ። ሦስተኛው ብስክሌት እንደ በሰለ ቃሪያ እያብለጨለጨ ወጣ። ሸዋረጋ በጥፍሩ ፋቀው፤ ምንም አልሆነም። በሚስማር ጫረው፤ ምንም አልሆነም። ትርንጎ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ያን ጊዜ ለአፍታ እውነቱን ሊነግራት ፈልጎ ነበር። ደስታዋን ሲያይ «ነገ እነግራታለሁ» አለ።

ክረምቱ በዚህ ሥራ አለፈ። ምድጃው ከጠዋት እስከ ማታ ይበራል። ዝናቡ በመንገዱ ላይ ይወርዳል፤ ግድግዳው ይሞቃል። ሸዋረጋ ውስጥ ሆኖ ብረት ሲሰቅል አንዳንዴ ከግድግዳው ወዲያ የሰው ድምፅ ይሰማል። ሰዎች ጃንጥላቸውን አጥፈው ቆመው ያወራሉ። ምን እንደሚሉ ግን ጆሮውን ጣል አላደረገም።

ብስክሌቶቹ ከበዓሉ ቀደም ብለው ለሻጩ ደረሱ። ሻጩም በጥፍሩ ፋቀ፣ በቁልፍ ጫረ፣ ራሱን ነቀነቀ። ለሚቀጥለው ጊዜም አዘዘ። ሸዋረጋ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልቡ ቀሎት ነበር። ግቢው ሲገባ ግን ትርንጎን አያት። መስቀያውን ነቅላ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ምድጃው ውስጥ ከትታ በአመድና በሎሚ ትፈትገዋለች። ከእናቷ የቀሩትን መደርደሪያዎች አጥባ ፀሐይ ላይ ዘርግታቸዋለች።

«ሽታው እየለቀቀ ነው» አለችው፣ ላቧን በክርኗ እየጠረገች። «ባዶውን አንድ ሁለት ጊዜ ላግለው፤ ከዚያ ደህና ነው።»

 ሸዋረጋ በየቀኑ «እነግራታለሁ» ይላል፤ እሷ ደግሞ በየቀኑ ትፈትጋለች። በፈተገችው ቁጥር ቃሉ እየከበደው ሄደ። በመጨረሻ አንድ ሰው ስለ ራሱ ቤት ሊመኝ የማይገባውን ነገር ተመኘ። «ዘንድሮ ማንም ባይመጣ» አለ በልቡ። «ማንም ካልመጣ መናገርም አያስፈልገኝም።»

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ደረሰ። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። የመጣችው እትዬ ደብሪቱ ናት፤ የእማማ ላቀች ባልንጀራ፣ በምላሷ የምትፈራ። ትሪዋን በጭንቅላቷ ላይ ተሸክማለች። ከኋላዋ ሌላ ሴት አለች። ከዚያች ኋላ ሌላ። ጋሽ ደምለው የሚባሉ ጡረተኛም የታመመች ሚስታቸውን ሊጥ ይዘው በሰልፉ ውስጥ ቆመዋል። ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ መንገዱ ወጥቷል። ለዓመታት ያልታዩ ሰዎች ሁሉ መጥተዋል።

ትርንጎ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «እትዬ፣ ምን ተገኘ? ዳቦ ቤቱ ተዘጋ እንዴ?»

«ዳቦ ቤቱ የት ይሄዳል? እዚያው ነው» አለች እትዬ ደብሪቱ። «ክረምቱን ሙሉ ግድግዳሽ ሲሞቅ ከረመ አይደል? ያቺ ልጅ የላቀችን ምድጃ አስነሥታለች ብዬ ለሰዉ ሁሉ ነገርኩ። እኔ ራሴ ወገቤን ሳስደግፍ ነው የከረምኩት። እንዲያውም ከመድኃኒቱ ይሻላል።»

«የእኔንማ ሚስቴ ነች ያቡካችው» አሉ ጋሽ ደምለው። «እኔ ምልክቱን ነው ያደረግሁት፤ በጥርሴ።»

«ያ ከሆነ የእርስዎን ማንም አይሰርቀውም፤ አይስጉ» አለች አንዷ፤ ሁሉም ሳቁ።

ትርንጎ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ግቢው እንደ ድሮው ሆነ። ትሪዎቹ በተራ ተቀመጡ። የኮባው ቅጠል ሽታ ግቢውን ሞላው። ሁለት ሴቶች ስለ አንድ የቆየ ጠብ ጀምረው በሳቅ ጨረሱት። ትርንጎ ምድጃውን አበራች፤ አምፖሉ ደበዘዘ። ሸዋረጋ ማድቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቷል፤ ከሙቀቱ ግን አልነበረም።

«አንተ ሙሽራ፣ ከበሩ ላይ ዞር በል እስቲ» አለችው እትዬ ደብሪቱ። የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ትርንጎ የምድጃውን በር ከፈተች፤ ትሪውንም አነሣች።

«ተይው» አለ ሸዋረጋ።

«ምኑን?»

«አታስገቢው። አይሆንም።» ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። ስለዚህ ደገመው፤ ይህን ጊዜ ግቢው ሁሉ ሰማው። «ይሄ ምድጃ ከእንግዲህ ለእህል አይሆንም። ቀለም በስሎበታል። የነካውን እህል ይመርዛል።»

«አጥቤዋለሁ እኮ» አለች ትርንጎ።

«በመታጠብ አይለቅም። ነጋዴው ነግሮኝ ነበር።»

«መቼ ነው የነገረህ?»

ሸዋረጋ መልስ ከመስጠቱ በፊት መሬት መሬት አየ። «ሳልጠይቅሽ በፊት» አለ።

 ትርንጎ ትሪውን ለእትዬ ደብሪቱ መለሰች። የምድጃውን በር ዘጋችው፤ ማብሪያውንም አጠፋች። የተናገረችው እትዬ ደብሪቱ ናት።

«አንተ ልጅ፣ ላቀች ልጇን ስትሰጥህ እዚህ ነበርኩ» አለች። «ምድጃውን ግን መስጠቷ ትዝ አይለኝም።»

«እኔንም ሚስቴ ብስክሌት አስጋግረህ ና አላለችኝም» አሉ ጋሽ ደምለው፤ ግን ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም አልሳቁም።

ሊጥ ሰው እስኪስማማ አይጠብቅም። ኩፍ ብሎ ከትሪው ሊያመልጥ ደርሷል። ሸዋረጋ ወደ ሥራ ቦታው ሮጠ። ቀለም ያልነካው የብረት ላሜራ አወጣ፤ ቆረጠ፤ ጠርዙን አጠፈ። ሴቶቹ በግቢው መሃል ፍም አነጠፉ። ትሪዎቹን ፍሙ ላይ አደረጉ፤ በላሜራው ከደኑ፤ በክዳኑ ላይም ፍም ጨመሩ። አሮጊቶቹ ከምድጃው በፊት የነበረውን አጋገር አልረሱትም ነበር። አንዳንዱ ዳቦ ታቹ አረረ፤ አንዳንዱ መሃሉ ሳይበስል ቀረ። ሁሉም ግን የበዓል ዳቦውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ሲወጡ ለትርንጎ «በይ እንኳን አደረሰሽ» አሉ። ሸዋረጋን «በርታ» ያሉትም ነበሩ። ምድጃውን ግን ማንም ዞሮ አላየውም።

ግቢው ባዶ ሲሆን ሸዋረጋ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሌላ ምድጃ እገዛልሻለሁ» አላት። «ከዚህ የሚበልጥ።»

«እሺ» አለች።

«እንድትቆጪኝ እፈልጋለሁ።»

«አልቆጣህም። ምድጃውን በመውሰድህ አይደለም ያዘንኩት። እውነቱን ብትነግረኝ እሰጥህ ነበር። እጅህ ነው የሚያበላን፤ አውቃለሁ። እናቴም ብትኖር ትሰጥህ ነበር።»

ሸዋረጋ ቀና ብሎ አያት። ይህን አልጠበቀም ነበር።

«ግን ከመስጠቴ በፊት ሰፈሩን እጠራ ነበር» አለች ትርንጎ። «ኑ፣ የመጨረሻው ነው፣ እል ነበር። ዛሬ የመጡት ሁሉ ይመጡ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ወገቧን ታሞቅ ነበር። እኔም የመጨረሻውን ዳቦ አውጥቼ በሩን ስዘጋ እያወቅሁ እዘጋው ነበር። ያንን በር ባለፈው ፋሲካ ዘግቼዋለሁ ለካ። የመጨረሻዬ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ወጡ እንዳያርርብኝ ቸኩዬ ነበር። በእግሬ ገፍቼ ነው የዘጋሁት።»



በሚቀጥለው ዓመት አዲስ የዳቦ ምድጃ ገዛላት፤ ነጭ፣ በሩ ድምፅ የማያሰማ። ትርንጎ አመሰገነችው፤ ጋገረችበትም። የሸዋረጋ ብስክሌቶችም በከተማዋ ሁሉ ታወቁ፤ ቀለማቸው ክረምት ከክረምት አይላጥም። ኑሯቸው ተሻሻለ። በመካከላቸው የነበረው ዝምታም ቀስ በቀስ ለቀቀ። ነገር ግን ከተማዋ ውስጥ አንድ አብረቅራቂ ብስክሌት ሲያልፍ «እንዴት ያምራል» የሚል ሰው ቢኖር፣ ሸዋረጋ «አዎ» ብሎ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል።

እኛም ለአዲስ ሥራ ምድጃ ስንመርጥ ስፋቱን እንለካለን፣ ሙቀቱን እንጠይቃለን፣ ኃይሉን እንመዝናለን። ምን ይገባበታል ብለን እንጨነቃለን። ከእንግዲህ ምን አይገባበትም ብለን ግን አንጠይቅም። አሮጌውን ነገር ለአዲስ ኑሮ ማዋል ኃጢአት አይደለም። ቤተሰብ መብላት አለበት፤ ዘመንም ይለወጣል። የሸዋረጋ ጥፋት ምድጃውን መውሰዱ ሳይሆን የማይመለሰውን «ይመለሳል» ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዕቃውን ብቻ አይወስድም። የመሰናበቻውንም ቀን ይወስዳል፤ ያ ደግሞ በገንዘብ ተገዝቶ አይተካም።

እናንተስ «ይመለሳል» ብላችሁ ከምትወዱት ሰው እጅ የወሰዳችሁት ነገር አለ? እንደማይመለስ ካወቃችሁ፣ እሱ በተስፋ እየፈተገ ሳለ ዝም አትበሉ። ዛሬውኑ ንገሩት።